ስፌት የሌለው ፎቶ

ሌጎስ፣ ጥር 11 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.

ለውድ እህቴ ለኢዶዉ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ ከተማ አቧራ በስተቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ በገና ሰሞን ደርሶኝ እስካሁን ሳልመልስ በመቅረቴ ይቅር በይኝ። «ሌጎስ እጅ ያስራል እንዴ?» እያልሽ ስታጉረመርሚ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ በተራ ልመልስ። እበላለሁ። ክፍሉ ያው የነገርኩሽ ነው፤ ዝናብ ካልመጣ አይከፋም። ሥራው ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። የመንገድ ፎቶ እንዳነሳለት የቀጠረኝ የመጽሔቱ አዘጋጅ ሚስተር ኤፊዮንግ ያመጣሁለትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ወረወራቸው። «ይሄ ምንድን ነው? ቢጫ የዳንፎ ታክሲ። ይሄስ? ሙዝ በራሷ የተሸከመች ሴት። ይሄ ደግሞ ድልድይ! አንተ ልጅ፣ ፖስት ካርድ ልትሸጥልኝ ነው የመጣኸው?» አለኝ። «ታዲያ ምን ላንሳ ጌታዬ?» ስለው «መልሶ የሚያይህ ሰው ፈልግ» ብሎ በሩን አሳየኝ።

መልሶ የሚያይ ሰው! እዚህ ከተማ ማን ማንን ያያል? ከኢዱሞታ እስከ ኦባሌንዴ በእግሬ ስዞር እውላለሁ። ሰዉ በትከሻው ገፍቶኝ ያልፋል እንጂ ዞር ብሎ «ይቅርታ» እንኳ አይልም። ሲመሽ የማነሳው አጥቼ ተመልሼ እተኛለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ኦሾዲ፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ ብርቱካን እየላጠች የምትሸጥ አንዲት ሴት ቀና ብላ ስታየኝ ምላጩ ከእጇ ወደቀ። ካሜራውን ከቁም ነገርም አልቆጠረችው፤ ያየችው ፊቴን ነው። እኔም አነሳኋት። ከዚያ ደረቷን ደግፋ ሳቀችና «ቲቸር ታይዎ! ምነው ከሳህ? ካሜራውንስ ከየት አመጣኸው?» አለችኝ።

ኢዶዉ፣ ይህችን ሴት አላውቃትም። ስሜንም አልነገርኳትም። በዕድሜዬ ደግሞ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ አላውቅም። አንድ ቃል ሳልመልስላት እግሬ ወሰደኝ፤ ቤቴ እስክገባ ድረስም አልቆምኩም።

ይህን የመጨረሻውን ለእማዬ አታንብቢላት።

ወንድምሽ ታይዎ

*

ኢሴዪን፣ የካቲት 2 ቀን

ለወንድም ጋሼ ታይዎ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ የእማዬም ጉልበት ያው ነው።

አታንብቢላት ያልከኝን አነበብኩላት። አትቆጣ። ልዘለው ስል ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ «ድምፅሽ ተሰናከለ፤ ምንድን ነው የዘለልሽው?» አለችኝ። ፊደል አታውቅም ብለን ስንንቃት፣ ይኸው እኛን ታነበናለች። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ የአደንጓሬ አካራዋን ዘይቱ ውስጥ መጣሏን ቀጠለች።

እንቅልፏም እንደ ድሮው ነው፤ አልመጣም። መንታህ ኬሂንዴ ከጠፋ ወዲህ እንደምታውቀው ናት፤ ከመናኸሪያው የጭነት መኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ትነሳና በሩን ትከፍታለች። ጎረቤቱ «አንቺ የመንታ እናት፣ ኢያ ኢቤጂ፣ የሚደረገውን አድርጊና ይውጣልሽ» እያለ ይጨቀጭቃታል። ፎቶ ያስተማረህ ባባ ፎቶም ሰሞኑን ካሜራውን አንጠልጥሎ ዳግመኛ መጥቶ ነበር። «የመንታ እናት ሆይ፣ አንዱ ሲሄድ የቀረውን ሁለት ጊዜ አንስቶ፣ ጎን ለጎን አትሞ ማኖር ነው ደንቡ። የሄደው ማረፊያ ካላገኘ የቀረውን ይጠራዋል። ታይዎ ሲመጣ ላንሳው፣ በነፃ» አላት። ጭልፋውን ይዛ ተነሳችበት! «ልጄ ሞተ ያለህ ማነው? ሬሳውን አንተ ነህ ያጠብከው? ውጣልኝ!» ሽማግሌው ጫማውን በእጁ ይዞ ሲሮጥ ብታይ!

ማታ ላይ ግን ጠራችኝና እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፤ «ሞቶ ከሆነ፣ ሞቷል በለኝ። ካለም አምጣልኝ። አንዱን ሳላውቅ አልሙት።» ከአፏ እንደወጣ ነው የጻፍኩት።

የእኔ ደግሞ ይኸውልህ። ስለ ስሙ ምንም አልመሰለህም? ኬሂንዴ በጠፋ ሰሞን የትምህርት ማስረጃህ ጠፍቶ «ቤቱ ሲያፈስ በሰበሰ» ብለኸን ነበር። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ እንጂ ደደብ አልነበርኩም።

እህትህ ኢዶዉ

*

ሌጎስ፣ መጋቢት 9 ቀን

ኢዶዉ፣

ልክ ነሽ። ማስረጃዬን የወሰደው እሱ ነው። ያኔም አውቅ ነበር። እሱ ፈተናውን ወደቀ፣ እኔ አለፍኩ፤ በማግስቱ እሱም ወረቀቱም የሉም። ለእማዬ «ልጅሽ ሌባ ነው» ከማለት ጣሪያውን ሌባ ማድረግ ቀለለኝ። ያ ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ ባባ ፎቶ ጋ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ሳመላልስ አላድግም ነበር። ተናድጄበት ኖሬያለሁ፤ አልዋሽሽም። አሁን ግን ንዴቱን ሳይሆን ሰውየውን ነው የምፈልገው።

እንዴት እየፈለግኩት ነው ካልሽ፣ በራሴ ፊት ነው። ጠዋት ወጥቼ ሰው በሚበዛበት መንገድ ፊቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ፤ አይቶኝ የሚደነግጠውን ሰው ብቻ አነሳለሁ። ከሚያውቁኝ ሰዎች ብዛት፣ የሚያውቁት ሰው ወዴት እንደሚውል ይገባኛል። ኦሾዲ ላይ ጥቂት ናቸው። ወደ ሙሺን በተጠጋሁ ቁጥር ይበዛሉ። አንዲት የጨርቅ ነጋዴ «ልጄ ሒሳብ አስራ አምስት አመጣ፤ ተባረክ» ብላ በመንገድ መሃል ተንበርክካ አመሰገነችኝ። አንድ የዳንፎ ረዳት ደግሞ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ዓይኑን አፍጥጦ «ቲቸር! አሁን አይደል ኦባሌንዴ ያወረድኩህ? በየት በኩል ቀደምከኝ?» ብሎ ጮኸ። የሱ ፎቶ ሲታተም ካየኋቸው ሁሉ የበለጠው ሆነ። የፈራ ሰው ፊት አይዋሽም።

ሚስተር ኤፊዮንግ ደስታውን አልቻለውም። «እነዚህን ሰዎች ከየት ነው የምታገኛቸው?» ይለኛል። «እነሱ ናቸው የሚያገኙኝ» ስለው ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ እየፈራሁ ነው። በገዛ ስሜ እየጠሩ፣ የማላውቀውን ውለታ የሚያመሰግኑኝ፣ ያልገባሁትን ቃል የሚያስታውሱኝ ሰዎች በዙ። ትናንት በአንድ ጫማ ቤት መስታወት ውስጥ እሱን አየሁትና እጄን አነሳሁለት። እሱም እጁን አነሳ። ራሴ ነበርኩ። ባለ ሱቁ ይመለከተኝ ነበር።

ልጆች ሳለን ምን ይሉን እንደነበር ታስታውሻለሽ? ቀድሜ የተወለድኩት እኔ ብሆንም ታላቁ ኬሂንዴ ነው፤ «ሂድና ዓለምን ቅመስ፣ ከጣመች ንገረኝ» ብሎ የላከኝ እሱ ነው። አሁን ግን የቀደመው እሱ ነው። እኔ ከኋላ የእግሩን ዱካ እያነሳሁ እከተላለሁ።

ሙሺን ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነግረውኛል። ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ። ለእማዬ እስካጣራ ድረስ ምንም አትበያት።

ታይዎ

*

ሌጎስ፣ ሚያዝያ 20 ቀን

ለምወድሽ እናቴ፣

ለረጅም ጊዜ ዝም በማለቴ እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ። ኢዶዉ በላይ በላዩ ስትጽፍልኝ መልስ ያጣሁት ወድጄ አይደለም። ከዚህ ፖስታ ውስጥ ፎቶ አለ። ይኸው ልጆችሽ፤ ሁለታችንም ጎን ለጎን ነን። ከዚህ በላይ በወረቀት እንዳልጽፍ ቃል ገብቻለሁና አትጠይቂኝ፤ ሌላውን በቃሌ እነግርሻለሁ። አይዞሽ፣ አታልቅሺ። ከእንግዲህ የጭነት መኪና ስትሰሚ አትነሺ።

ልጅሽ ታይዎ

*

ኢሴዪን፣ ግንቦት 6 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። ከዚህ ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ፎቶው ደረሰ። እማዬ ብርሃን ላይ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ራሱን ሁለት ጊዜ አነሳ ማለት ነው» አለች። ሻሿን ፈታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ፤ ባባ ፎቶ ሳይቀር መጣ። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ፎቶውን ከላይ እስከ ታች መረመረልህ፤ እንባው እየወረደ «ዕድሜዬን ሙሉ መንታ ሳትም ኖሬያለሁ። ሁለቱ የተጋጠሙበት ስፌት የት እንዳለ አጣሁት! ሸሚዙን እንኳ ቀይሮ ለአንዱ ነጭ ከነከረባቱ አልብሶታል። እጁን እንዴት አድርጎ ነው በራሱ ትከሻ ላይ የጣለው? ያስተማርኩት ልጅ በለጠኝ» አለ።

እማዬ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። አደንጓሬ ስትቀቅል አንድ ሰሃን ለይታ ከስሩ ታስቀምጥለታለች፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ዘይት መወደድ ታወራዋለች። ማታ ደግሞ ትተኛለች። ማመን አቃተኝ፤ መኪና መጥቶ ቆሞ ይሄዳል፣ እሷ ታንኮራፋለች። እኔ ነኝ አሁን እንቅልፍ ያጣሁት።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የት ነው የተቀበረው? በአንተ ስም ነው የቀበሩት?

ኢዶዉ

*

ሌጎስ፣ ግንቦት 19 ቀን

ኢዶዉ! ኢዶዉ!

በሕይወት አለ! የምን መቀበር? እኔ ሁለት ጊዜ አልተነሳሁም፤ የተነሳነው ሁለት ሰዎች ነን። የትምህርት ቤቱ አጥር ስር ቆመን ከኦሾዲ ይዣት የሄድኩት ያቺ ብርቱካን ሻጭ ናት ያነሳችን። ባባ ፎቶ ስፌቱን ያጣው ስፌት ስለሌለው ነው! ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ የሱ ነው። ባለ ነጩ ሸሚዝ እሱ ነው። አምላኬ ሆይ፣ ምን አደረግኩ? «አታልቅሺ» ያልኳት በደስታ እንዳታለቅስ ነበር እኮ።

ሁሉንም መጻፍ ነበረብኝ። ግን ያገኘሁት ዕለት የጠየቀኝ ይህን ነው፤ «ስለ እኔ አንድ መስመር አትጻፍ፤ ፎቶውን ብቻ ላክ። እሷ አይታ ታውቃለች» አለኝ። ሁለታችንም አገራችንን ረሳን። ከእኛ አገር መንታ ጎን ለጎን ሆኖ ብቻውን በፖስታ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ አልታወሰንም። እኔ የባባ ፎቶ ተማሪ ሆኜ!

ስንገናኝ ምን አለህ ትዪኝ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ገብቼ ከኋላ ቆምኩ፤ ልጆቹ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩና አንዷ ጮኸች። እሱ ጠመኔውን አስቀምጦ ወጣ። ጥላው ስር ተቀምጠን «ወረቀትህን ውሰድ» አለኝ። «ወረቀት ፈልጌ አይደለም፤ ቤት እንሂድ» አልኩት። «በየትኛው ስም ልግባ? ይህን ያህል ዓመት አንተን ሆኜ ኖሬ፣ ሰው ‹ኬሂንዴ› ብሎ ሲጣራ ሌላ ሰው ነው የምፈልገው» አለኝ። ልመታው ነበር የሄድኩት። አቅፌው አለቀስኩ።

አሁን ደብዳቤሽን አነበብኩለት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ የልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠና «ትተኛለች አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ» አልኩት። «እንግዲያው ተዋት። አርፋለች» አለኝ። አልተወውም። አንቺ ዛሬውኑ እውነቱን ንገሪያት።

ታይዎ

*

ኢሴዪን፣ ሰኔ 3 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ልነግራት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። በምን ልንገራት? በሌላ ወረቀት? «እኔን ለማባበል ነው» ትላለች፤ ያን የደረቀ ዓይኗን እንደገና ደጅ ደጁን ታሳድረዋለች። ካመነችኝና እሱ ካልመጣስ? አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ እንድትቀብር አላደርጋትም።

እጁን ይዘህ አምጣው። ከጎንህ ቆሞ፣ እጇ የሚደርስበት ሆኖ ትየው። እስከዚያ እኔም ከሷ ጋር ለፎቶው አደንጓሬ አቀርባለሁ፤ በሕይወት ላለ ሰው ስም! ሰሃኑን ባስቀመጥኩ ቁጥር ጀርባዬን ይበርደኛል። ቶሎ በል።

ኢዶዉ

*

ኢሴዪን፣ ሐምሌ 1 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

«ከክፍሉ ጠፍቷል፣ ትምህርት ቤቱም አያውቅም፣ እናንተ ጋ መጥቶ ይሆን?» ብለህ የጻፍከው ዛሬ ደረሰኝ። መጥቷል። ብቻውን ነው የመጣው። ቀደም ብዬ ያልጻፍኩልህ እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ስለጠፋኝ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። እማዬ መጥበሻዋ ጋ ነበረች። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። እኔ ወዲያው አወቅኩት፤ አንተ እንደዚያ ቀጥ ብለህ ቆመህ አታውቅም። እማዬ ቀና ብላ አየችው። አካራው እስኪያርር ድረስ አየችው። ከዚያ «ታይዎ፣ መጣህ?» አለችው።

ኬሂንዴ እኔን አየኝ። እኔ የሚያርረውን አካራ ማውጣት ጀመርኩ። «አቤት እማዬ፤ መጣሁ» አላት።

ገባ። አስታጠበችው፣ አበላችው፤ ስለ ሌጎስ ጠየቀችው፤ ስለ ካሜራህ ሳይቀር ዋሻት። በልቶ ጨርሶ ሊነሳ ሲል ሁለተኛውን ሰሃን ሞልታ እጁ ላይ አኖረችለት። «በል ለወንድምህ አስቀምጥለት። እኔ ጉልበቴ አይታጠፍም» አለችው። የራሱን ሰሃን ተሸክሞ ሄዶ ፎቶው ስር አስቀመጠ። ቀና ሳይል ጎንበስ እንዳለ ቀረ። እኔ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

በማግስቱ እሱ ገና ተኝቶ ሳለ አላስችል አለኝ። «እማዬ፣ ይሄ ታይዎ አይደለም። በሕይወት አለ፤ ፎቶው የሁለት ሰዎች ነው» አልኳት። አደንጓሬዋን መልቀሟን አላቆመችም።

«የወለድኩትን ልትነግሪኝ ነው?» አለችኝ።

«አውቀሽዋል?»

«ደጄን ሳይረግጥ ነው ያወቅኩት። ባለ ሱቅ መሰልኩሽ፣ ዕቃዬ የሚቀያየርብኝ?»

«ታዲያ ለምን በታይዎ ስም ጠራሽው? ለምንስ ያን ሰሃን አሸከምሽው?»

«ሰሃኑንስ ይሸከም። ስንት ሌሊት በሩን ከፍቼ አድሬያለሁ፤ ትንሽ ይክበደው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስሙን ለብሶ መጣ፣ ልጄ። ደጄ ላይ ባወልቅበት ራቁቱን ሊቆም ነው? ኬሂንዴ ብዬው ቢሆን ያ የቆመበት እግር ተመልሶ ይሄድ ነበር። አየሁት እኮ፤ ሻንጣውን መሬት አላስቀመጠም ነበር» አለችኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት የጎረቤት ልጆችን በረንዳው ላይ ሰብስቦ ሒሳብ ያስተምራል። ሰፈሩ ሁሉ «ታይዎ» ይለዋል። ፎቶውም እዚያው ነው፤ ጎረቤት እንዳይጠይቅ ሰሃኑም አልቀረም።

እማዬ ለአንተ የላከችው ይኸውና፣ ከአፏ እንደወጣ። «ታይዎዬ፣ በሕይወት ያለውን አመጣህልኝ፤ ተባረክ። አሁን ደግሞ አንተ ና። ስትመጣ ኬሂንዴ ብዬ እቀበልሃለሁ። የሞተው ልጄ ተመለሰ ብዬ እልል እላለሁ፤ እደግሳለሁ። ሰዉ የፈለገውን ይበል። ሁለታችሁንም በአንድ ቤት ላያችሁ የምችለው በዚህ ብቻ ነው። አንተ ሆደ ሰፊ ነህ፤ ይህን ተሸከምልኝ።»

ፍትሕ አይደለም። ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ።

ኢዶዉ

*

ሌጎስ፣ ሐምሌ 17 ቀን

ኢዶዉ፣

መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከፋኝ። ወረቀቴን ወሰደ፣ ዝም አልኩ። የወረቀቱን እንጀራ በላ፣ ዝም አልኩ። እናቴ እኔን የምትጠራበትን ድምፅ ይወስዳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። በሬን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ፎቶዎቼ በመጽሔቱ ወጡ። ሚስተር ኤፊዮንግ እጄን ጨብጦ «ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ እነዚህ ሰዎች እንዲህ የደነገጡት ምን አይተው ነው?» አለኝ። «እኔን» አልኩት። ቀልድ መሰለው። የሁለታችንን ፎቶ እንድሰጠውም ለመነኝ፤ ከሁሉ ይበልጣል አለ። አልሰጠሁትም።

በማግስቱ ወደ ሙሺን ሄጄ ነበር። የትምህርት ቤቱ ልጆች ከአጥሩ ወጥተው ከበቡኝ፤ «ቲቸር ታይዎ፣ የት ጠፍተህ ነው?» እያሉ እጄን ይስባሉ። ትንሿ ልጅ እግሬን አቅፋ አልለቅ አለች። ሳስበው፣ እሱ ይህን ሁሉ ትቶ ነው የሄደው፤ ለእማዬ ሲል ባዶ እጁን ገባ። ያኔ ንዴቴ አለቀብኝ። እኔም ከእሱ አላንስም።

ለእማዬ እሺ ብሏል በያት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ። ትደግስ። ሰዉ ሲሰበሰብ እልል ትበል፤ ኬሂንዴ ብላ ስትጠራኝ አቤት እላለሁ። ባባ ፎቶም ሰላም ሊለኝ ሲመጣ እንዳላስተማረኝ ሰው እጅ እነሳዋለሁ። እንዴት እንደምችለው ግን እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ሙያዬን በሙሉ የሰጠኝ ሰው ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ከአንቺ እለምናለሁ። ከመድረሴ በፊት ያን ፎቶ ከግድግዳው አውርጂልኝ። ለቅሶዬን ፊት ለፊት እያየሁ መብላት አልችልም።

ሁለተኛው፣ ድግሱ አልቆ ሰዉ ሲበተን፣ ማንም በማይሰማበት፣ ጓሮ ውስጥም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ በስሜ ጥሪኝ።

ወንድምሽ